የግድግዳዋን ዘላይ ሸረሪት ሳይገድሉ ማወቅ፦ ከመገናኛ እስከ እንጦጦ

ሸረሪት ሲባል ቀድሞ የሚታሰበን ድር ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እየተባልን ስላደግን፣ ለአደን ድር የማታደራ ሸረሪት መኖሯን ልብ አንልም። በመገናኛ ዙሪያ፣ ከሾላ ገበያ ጀምሮ ወደ ኮተቤ በሚወስደው መንገድ ዳር ባሉት የብሎኬት አጥሮች፣ ፀሐይ ያረፈበትን ግድግዳ ቆም ብሎ የሚመለከት ሰው ግን እንዲህ ያለችውን ያገኛል፦ ትንሽ፣ ግራጫ፣ ጠፍጣፋ፣ ሰው ሲጠጋት ዞር ብላ ፊት ለፊት የምታይ። ወጥመድ ዘርግታ አትጠብቅም። በዐይኗ አይታ፣ ተከትላና ዘላ የምትይዝ አዳኝ ናት። ይህ መመሪያ እሷን እንዴት እንደሚለዩ፣ እንዴት እንደሚከታተሉና ያዩትን እንዴት እንደሚመዘግቡ ያሳያል። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የምሟገትለት ነገር አንድ ነው፤ ይህችን ሸረሪት ለማወቅ ከመያዝም ከመግደልም በፊት ቆሞ ማየት ይቀድማል፤ ለዚህ ደግሞ ከቤትዎ ግድግዳ የተሻለ መነሻ የለም። ይህን የምለው ለፍጥረቷ በማዘን ብቻ አይደለም። ስለ እሷ ሊታወቅ ከሚገባው ውስጥ ትልቁ ክፍል በሕይወት እያለች ብቻ የሚታይ ስለሆነ ነው።

ዘላይ ሸረሪቶች በሳይንሱ አጠራር ሳልቲሲዴ የሚባለው ቤተሰብ አባላት ናቸው። ቤተሰቡ ከ6,000 በላይ ዝርያዎችን ስለያዘ ከሸረሪት ቤተሰቦች ሁሉ በዝርያ ብዛት ይቀድማል። ከዚህ ቤተሰብ ውስጥ ግድግዳን፣ ዓለትንና የዛፍ ግንድን መኖሪያው ያደረገው ወገን ሜኔሜረስ ይባላል፤ ስሙን ያወጣለት ፈረንሳዊው የሸረሪት ሊቅ ኤዥን ሲሞን በ1868 እ.ኤ.አ. ነው። ወገኑ ከ60 በላይ ዝርያዎች ሲኖሩት ብዙዎቹ የሚኖሩት በእኛው አህጉር ነው። የአገራችን ሸረሪቶች ጥናትም የትናንት ጉዳይ አይደለም። በ1870ዎቹ እ.ኤ.አ. በኦራዚዮ አንቲኖሪ መሪነት ወደ ሸዋ የመጣው የጣሊያን ጂኦግራፊ ማኅበር ቡድን በአንኮበር አቅራቢያ ጣቢያ ተክሎ እንስሳትን ሰበሰበ፤ ፒዬትሮ ፓቬዚ በ1883 የሸዋን ሸረሪቶችና ዘመዶቻቸውን የሚገልጽ ሥራ አሳተመ። በ1940 ሉዶቪኮ ዲ ካፖሪያኮ በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች አካባቢ የተሰበሰቡትን አጠና። በቭሮትስዋፍ ዩኒቨርሲቲ የሠሩት ፖላንዳዊቷ ዋንዳ ቬሶሎቭስካ ደግሞ በ1999 የአፍሪካን ሜኔሜረሶች እንደገና መርምረው፣ በ2008 ከቤያታ ቶማሺየቪች ጋር የኢትዮጵያን ዘላይ ሸረሪቶች የሚመለከት ሰፊ ጽሑፍ አወጡ፤ በውስጡም ለሳይንስ አዲስ የሆኑ ዝርያዎች ተገልጸዋል። እነዚህ ሰዎች ባይደክሙ ዛሬ የምንጠራበት ስም እንኳ ባልኖረን ነበር። ሆኖም እንዲህ ያለው ሥራ የሚሠራው አልኮል ውስጥ ተቀምጦ ባሕር በተሻገረ ናሙና ላይ ነው። ናሙና ቅርጽን ይናገራል። በስንት ሰዓት ከስንጥቋ እንደምትወጣ፣ ዝንብን በየት በኩል እንደምትቀርብ፣ ደመና ሲመጣ የት እንደምትገባ ግን አይናገርም። ይህን ሊናገር የሚችለው ከግድግዳው ጋር አብሮ የሚኖር ሰው ነው።

እንግዲህ መጀመሪያ ግድግዳ ይምረጡ። ጠዋት ላይ ፀሐይ የሚያገኘው፣ ወደ ምሥራቅ የዞረ፣ ሸካራ ግድግዳ ይመረጣል፤ ያልተለሰነ ብሎኬት፣ የድንጋይ አጥር ወይም ኖራው የተሰነጣጠቀ የጭቃ ቤት። ስንጥቅ የምፈልገው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሸረሪቷ ማታ የምትተኛው፣ ቆዳዋን የምትቀይረውና እንቁላሏን የምታኖረው ስንጥቅ ውስጥ በምትሠራት ትንሽ የሐር ከረጢት ነው። ቆርቆሮ አጥርም አይናቅ፤ በተለይ ቆርቆሮው ከእንጨቱ ጋር የሚጋጠምበት ቦታ። ሰዓቱ ከቦታው እኩል ይወስናል። ዘላይ ሸረሪት የምታድነው በብርሃን ነው፤ የአዲስ አበባ ንጋት ደግሞ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ በ12 ሰዓት ወጥተው ምንም ባያዩ አይገረሙ። ግድግዳው እስኪሞቅ ጠብቀው ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ባለው ጊዜ ይመልከቱ። በሐምሌና በነሐሴ ደመናው ስለሚበዛ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ከመስከረም አጋማሽ በኋላ፣ ፀሐይ ከተመለሰችና ዝንቡም ከበዛ ወዲህ፣ ሥራው ይቀላል። ግድግዳው ዘንድ ሲደርሱ ጥላዎ እንዳያርፍበት በጎን ይቁሙ፤ እስክትለምድዎትም ድረስ አይንቀሳቀሱ።

አንድ ነገር በዚሁ ላይ ላክል። መገናኛ ብዙ ሕዝብ የሚያልፍበት፣ ባቡሩና ቀለበት መንገዱ የሚገናኙበት ቦታ ነው። ግድግዳ ላይ አፍጥጦ ስልክ የሚያነጣጥር ሰው ጥያቄ ማስነሣቱ አይቀርም። የግቢው ባለቤት ወይም ጥበቃው ካለ አስቀድመው ሰላምታ ሰጥተው የሚያደርጉትን ይንገሩ፤ የኤምባሲ፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤትና የባቡር መስመር አጥሮችን ይተዉ። ከእነዚህ ይልቅ የራስዎ ቤት፣ የኮንዶሚኒየምዎ ደረጃ ወይም የሰፈርዎ አጥር ይበልጣል፤ በየቀኑ ሊመለሱበት የሚችሉት እሱ ነውና።

ሸረሪት ሲያዩ በመጀመሪያ የሚመልሱት ጥያቄ «ዘላይ ናት ወይ?» የሚለው ነው። መልሱ ፊቷ ላይ አለ። ስምንት ዐይኖች አሏት፤ አራቱ ፊት ለፊት ተሰልፈው መካከለኞቹ ሁለቱ ከሁሉም እጅግ ይተልቃሉ። ከእነሱ ኋላ በጣም ትንንሽ ጥንድ፣ ከዚያም ወደ ጀርባ ሌላ ጥንድ አለ። ከላይ ሲታይ የፊት ክፍሏ አራት ማዕዘን ይመስላል፣ ፊቷም ቀጥ ብሎ ይወርዳል። ሁለቱ ትልልቆች ዝርዝርንና ቀለምን ይለያሉ፤ የቀሩት እንቅስቃሴን ከጎንና ከኋላ ስለሚይዙ ዙሪያዋን ለማየት መዞር አያስፈልጋትም። የትልልቆቹ መስታወት አይንቀሳቀስም፤ የሚንቀሳቀሰው በውስጥ ያለው ብርሃን ተቀባይ ክፍል ነው፤ ስለዚህ በአጉሊ መነጽር ሲያዩት ዐይኑ አንዴ ጥቁር፣ አንዴ ቡናማ ሆኖ ሊታይዎ ይችላል። ያን ጊዜ ሸረሪቷ እርስዎን እየመረመረች ነው። ጣሪያ ጥግ ላይ ድር ውስጥ የተንጠለጠሉት ረጃጅም ቀጫጭን እግር ያላቸው ሸረሪቶች ግን ሌላ ቤተሰብ ናቸው፤ ይህን ፊት አያዩባቸውም።

ሁለተኛው ጥያቄ «ሜኔሜረስ ናት ወይ?» ነው። እዚህ አንድ ምልክት አይበቃም፤ በርካታ ምልክቶች አብረው ሲገኙ ነው የሚፈረደው። ሰውነቷ ጠፍጣፋና ረዘም ያለ፣ ከግድግዳው ጋር የተለጠፈ መሆኑን ይመልከቱ። ቀለሟ ግራጫ ወይም ቡናማ ግራጫ ሆኖ በአጫጭር ነጣ ያሉ ፀጉሮች ይሸፈናል። በፊት ክፍሏ ግራና ቀኝ ጠርዝ ላይ ነጭ መስመር ይሄዳል። ከአፏ ፊት ያሉት ሁለት አጫጭር እጅ መሳይ አካላት ብዙ ጊዜ ነጭ ፀጉር ለብሰዋል። ከወገኑ ሁሉ በሰፊው የተሠራጨችው ሜኔሜረስ ቢቪታተስ የምትባለው ናት፤ ርዝመቷ 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ሴቷ በሆዷ ግራና ቀኝ ወደ ኋላ የሚገናኙ ሁለት ጥቁር መስመሮች ሲኖሯት፣ ወንዱ በመሀል ጀርባው ላይ ወፍራም ጥቁር መስመር አለው። ፈረንሳዊው ሊዮን ዱፉር የገለጻት በ1831 እ.ኤ.አ. ነው። ከአፍሪካ ተነሥታ በሰውና በሸቀጥ ጉዞ ወደ አሜሪካና ወደ ሌሎች ሞቃታማ አገሮች ስለተዛመተች፣ አዲስ አበባ ግድግዳ ላይ ያዩትን ወገን ፍሎሪዳ ያለ ዘመድዎም ግቢው ውስጥ ሊያገኘው ይችላል።

ከእሷ ጋር የሚያምታቱ ጎረቤቶች አሉ። ቤት ውስጥና የአበባ ማሰሮ አጠገብ የሚታየው፣ ወንዱ ጥቁር ሆኖ ነጫጭ የፊት እጆችና ሆዱ ላይ ነጭ ቅስት ያለው፣ ሃሳሪየስ አዳንሶኒ ነው፤ ሰውነቱም አይጠፈጥፍም። ከፊት እስከ ኋላ በመሀል ጀርባው ሰፊ ነጭ መስመር የሚሄድበት ትልቅ ጥቁር ወንድ ካዩ ፕሌክሲፐስ ፔይኩሊን ያስቡ። ሣርና ቁጥቋጦ ላይ ያለች፣ ጠቆር ብላ የምታብለጨልጭና ነጫጭ ነጠብጣብ ያላት ሄሊዮፋነስ ልትሆን ትችላለች። ጉንዳን መስላ የምትሄደው ማይርማራክኔ ደግሞ የፊት እግሮቿን እንደ ጉንዳን አንቴና አንሥታ ስለምታወዛውዝ ብዙ ሰው ያልፋታል፤ እግሯን ይቁጠሩ፣ ስምንት ነው።

እዚህ ላይ የሚነሣ ተገቢ ተቃውሞ አለ። የሸረሪት ዝርያ በእርግጠኝነት የሚታወቀው የወንዱን የፊት እጅ ጫፍና የሴቷን የመራቢያ አካል በማይክሮስኮፕ በማየት ነው፤ ታዲያ ከሩቅ ያየነውና በስልክ ያነሣነው ምን ዋጋ አለው? የተቃውሞው መነሻ እውነት ነው። በፎቶ ብቻ ተነሥቶ «ይህች እንዲህ የምትባል ዝርያ ናት» ብሎ መፈረም ስሕተት ስለሆነ እርስዎም አያድርጉት፤ ማስታወሻዎ ላይ «ሜኔሜረስ፣ ዝርያዋ ያልተለየ» ብለው ይጻፉ። ከዚህ ተነሥቶ ማየት ከንቱ ነው ወደሚል መደምደሚያ መሄድ ግን አይቻልም። ስለ ባሕርይ የምንጠይቃቸው ጥያቄዎች አብዛኞቹ በወገን ደረጃ ይመለሳሉ። ጉልምስና የደረሰ ወንድ በጥሩ ብርሃን ከፊት፣ ከላይና ከጎን ከተነሣ ባለሙያው ከዝርያዎቹ ብዙዎቹን ከዝርዝሩ ሊያስወጣ ይችላል። ከሁሉም በላይ፣ ናሙና ሰብሳቢ የሚመጣው አንድ ጊዜ ነው፤ የሰፈሩ ሰው ያንኑ ግድግዳ በየወሩ ያያል። ሁለቱ ማስረጃዎች ይደጋገፋሉ እንጂ አንዱ ሌላውን አይተካም።

አሁን ወደ ዋናው ሥራ፣ ወደ አደኑ። ዝንብ ያረፈበትን የግድግዳ ክፍል ይምረጡና ሸረሪቷን ብቻ ይከተሉ። መጀመሪያ ቆማለች፤ ዝንቡ ክንፉን ሲያራግፍ በጎን ዐይኖቿ ትይዘውና መላ ሰውነቷን ባንድ ጊዜ ታዞራለች፣ ሁለቱ ትልልቅ ዐይኖች ዝንቡ ላይ ይተከላሉ። ከዚያ እንደ ድመት ትለጠፋለች። ዝንቡ ሲንቀሳቀስ ትሮጣለች፣ ሲቆም ትቆማለች። ሜኔሜረስ ብዙውን ጊዜ በቀጥታ አትሄድም፤ ዞራ ዝንቡን ከፊት ለመግጠም ትሞክራለች። ጥቂት ሴንቲ ሜትር ሲቀራት እርምጃዋ ስለሚያጥር የምትንቀሳቀስ አይመስልም። እዚህ ላይ ዐይንዎን ከኋላዋ ጫፍ ላይ ያድርጉ። ከመዝለሏ በፊት ሆዷን ግድግዳው ላይ ነካ ታደርጋለች፤ የሐር ክሯን እየለጠፈች ነው። ዝላዩ ቢስት በዚያው ክር ተንጠልጥላ ትመለሳለች። ዘላ ስትይዝ ጥርሷ የሚያርፍበትን ቦታና ምርኮዋን ይዛ ወደየት እንደምትሄድ ይጻፉ፤ ወደ ስንጥቅ? ወደ ጥላ? ባለችበት? ብዙ ዝላይ ይስታል፤ የሳተውንም ይጻፉ። የያዘችውን ብቻ የሚጽፍ ሰው ከእውነቱ ግማሹን ይጥላል።

የዝላዩ ኃይል ከየት እንደሚመጣ ማወቅ የሚያዩትን ያጠራዋል። ሸረሪት በእግሯ ዋና ዋና መታጠፊያዎች ላይ እግር የሚዘረጋ ጡንቻ የላትም፤ የምትዘረጋው በሰውነቷ ውስጥ ያለውን ፈሳሽ በግፊት ወደ እግሮቿ በመላክ ነው። ዘላይ ሸረሪት ይህን ግፊት በቅጽበት ከፍ ስታደርግ የኋላ እግሮቿ ይፈነጠራሉ። ርቀቱን የምትለካበት መንገድ ደግሞ በ2012 እ.ኤ.አ. በጃፓን የኦሳካ ተመራማሪዎች ታይቷል። የሞከሩት በየከተማው ቤት ውስጥ በሚኖረው ሃሳሪየስ አዳንሶኒ ላይ ነበር። የትልልቆቹ ዐይኖች ብርሃን ተቀባይ ክፍል ተደራራቢ ስለሆነ በአንዱ ንብርብር የጠራው ምስል በሌላው ይደበዝዛል፤ ሸረሪቱ ከድብዘዛው መጠን ተነሥቶ ርቀትን ያሰላል። በአረንጓዴ ብርሃን ሥር ዝላዩ ሲሳካ፣ በቀይ ብርሃን ሥር ግን አጭር እየዘለለ ከምርኮው በፊት ወደቀ። ይህ የተገኘው በሩቅ ጫካ ከተያዘ ብርቅዬ እንስሳ አይደለም። ማንም ሊያየው ከሚችል የቤት ሸረሪት፣ ያውም ዘልሎ ሲስት በመመልከት ነው የተገኘው።

እርስዎም ያለ ላቦራቶሪ የሚሞክሩት አለ። ትንሽ የእጅ መስታወት ከሸረሪቷ አንድ ስንዝር ያህል ርቆ ግድግዳው ላይ ያስደግፉ። ወንድ ከሆነ ምስሉን እንደ ሌላ ወንድ ቆጥሮ የፊት እግሮቹን ሊያነሣና ሊጠጋ ይችላል። የትኛው እግር እንደተነሣ፣ ለምን ያህል ጊዜ፣ ወደ ፊት ሄደ ወይስ አፈገፈገ የሚለውን ይመዝግቡ። ከጥቂት ደቂቃ በላይ አያቆዩት፤ ጉልበቱን በከንቱ ያባክናል። ወንድና ሴት ተገናኝተው ካገኙ ደግሞ ምንም አይንኩ። ወንዱ በእግሩና በሰውነቱ እንቅስቃሴ የሚያቀርበው ልመና ከዝርያ ዝርያ ስለሚለያይ፣ በቪዲዮ የተቀረጸ እንደሆነ ከማንኛውም ፎቶ በላይ ይጠቅማል።

ብዙ አንባቢ እዚህ ላይ «መርዛማ ብትሆንስ?» ማለቱ አይቀርም፤ ጥያቄው መልስ ይገባዋል። ዘላይ ሸረሪት እንደ አብዛኞቹ ሸረሪቶች ለምርኮዋ የሚሆን መርዝ አላት። በጣት ተጨፍልቃ ከተያዘች ልትነክስ ትችላለች፤ ንክሻው ግን ለሰው የሚያሰጋ አይደለም፣ ጥቂት ሕመምና መቅላት አስከትሎ ያልፋል። በእኛ ዘንድ ከንክሻው ይልቅ የሚፈራው «ሸረሪት ሸናብኝ» የሚባለው ነው። አልማዝ ባለጭራ ሲወጣ ጥፋቱ በሸረሪት ላይ ይጣላል። ይህን በግልጽ መናገር ያስፈልጋል፤ አልማዝ ባለጭራን የሚያመጣው ቫይረስ ነው። ያው ጉድፍ ወይም ቺክን ፖክስ የሚባለውን የልጅነት በሽታ ያመጣው ቫይረስ በነርቭ ውስጥ ለዓመታት ተደብቆ ኖሮ፣ የሰውነት የመከላከል አቅም ሲደክም እንደገና ይነሣል። በአንድ ወገን ብቻ፣ የነርቩን መስመር ተከትሎ የሚወጣውም ለዚህ ነው። እምነቱ ሸረሪትን ከማስገደል አልፎ ሰውንም ይጎዳል፦ የቫይረሱ መድኃኒት ይበልጥ የሚሠራው ሽፍታው በወጣ በ72 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ስለሆነ፣ ሸረሪት ነው ተብሎ ቤት ውስጥ የሚባክን ቀን ዋጋ ያስከፍላል። እንዲህ ያለ ሽፍታ ካዩ፣ በተለይ ዐይን አካባቢ ከሆነ፣ ወዲያው ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ። ሸረሪቷን ይተዉአት።

ለፎቶ ቀረብ ማድረግ ካስፈለገ አያያዙ ቀላል ነው። ከታች የተቆረጠ ንጹሕ ሃይላንድ ወይም የመስታወት ብርጭቆ ሸረሪቷ ላይ በቀስታ ይክደኑ፣ ከሥሩ ጠንካራ ወረቀት ያንሸራትቱ። በጣት አይያዙ፤ እግሯ ይሰበራል። ፀሐይ ላይ አያስቀምጡ፤ ዕቃው ውስጥ ያለው አየር በደቂቃዎች ውስጥ ይግላል። መጀመሪያ ከላይ፣ ቀጥሎ ፊቷን፣ ከዚያ ጎኗን፣ በመጨረሻም የተገኘችበትን ግድግዳ ያንሡ። መጠኗ እንዲታወቅ አጠገቧ ሳንቲም ወይም ማስመሪያ ያድርጉ። የስልክዎ ካሜራ በጣም ሲቀርብ ከደበዘዘ ትንሽ ወደ ኋላ ርቀው ያንሡና በኋላ ይቁረጡት፤ ወይም አጉሊ መነጽር ከሌንሱ ፊት ይያዙ። ሲጨርሱ በተገኘችበት ግድግዳ፣ በዚያው ስንጥቅ አጠገብ ይልቀቋት። ሌላ ቦታ መጣል መግደልን ያህል ነው ባልልም፣ መኖሪያዋን ግን አሳጥተዋታል።

መዝገብ ያልያዘ ማየት ጨዋታ ሆኖ ይቀራል። በደብተር ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ሰፈሩን፣ ግድግዳው ከምን እንደተሠራና ወደየት እንደዞረ፣ ሸረሪቷ ከመሬት በምን ያህል ከፍታ እንዳለች፣ ፀሐይ ወይም ደመና መሆኑን፣ ምን ትሠራ እንደነበር ይጻፉ። ፈልገው ያጡበትንም ቀን ይጻፉ፤ «በ3 ሰዓት አየሁ፣ በ11 ሰዓት አጣሁ» የሚል ተከታታይ መዝገብ ስለ እንቅስቃሴዋ ሰዓት ማስረጃ ነው። ፎቶዎቹን አይናቹራሊስት በሚባለው የተፈጥሮ መዝገብ ላይ ማስቀመጥ ይቻላል፤ በልዩ ልዩ አገሮች ያሉ የሸረሪት አዋቂዎች አይተው አስተያየት ይሰጡበታል። የቤትዎ ትክክለኛ ቦታ እንዳይታይ ማድረግን አይርሱ፤ መዝገቡ ይህን ይፈቅዳል።

የቤትዎን ግድግዳ ሲያውቁት ወደ ላይ ይውጡ። ከመገናኛ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ተነሥተው በየካ በኩል ወደ እንጦጦ ሲወጡ ከ3,000 ሜትር በላይ ይደርሳሉ። በዚህ አጭር መንገድ ግድግዳው ያልቅና ግንድ ይጀምራል። ጥያቄው ግልጽ ነው፤ የከተማዋ ግድግዳ ወገን እስከ የት ይከተላል? ከፍታ ብቻውን ዘላይ ሸረሪትን አያስቀርም፤ ዩኦፍሪስ ኦምኒሱፐርስቴስ የምትባለው የሂማላያ ዘላይ ሸረሪት እስከ 6,700 ሜትር ድረስ ተገኝታለች። ስለዚህ «እዚያ ብርድ ነው» ማለት ላለመፈለግ ምክንያት አይሆንም። ነጭ ባሕር ዛፍ፣ ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወዲህ ኮረብታውን የሸፈነው፣ ቅርፊቱን በረጃጅም ልጥ ይጥላል፤ ተንጠልጥሎ ያልወደቀው ቅርፊት ለጠፍጣፋ ሸረሪት ተስማሚ መደበቂያ ነው። ቅርፊቱን አይላጡ፤ በጠርዙ በኩል በስልክ መብራት ያብሩና ይመልከቱ። ከዚያ የአገር በቀሉን ዛፍ ያወዳድሩ፦ ጽድ፣ ወይራ፣ ኮሶ። እነዚህ በደንብ ተጠብቀው የሚገኙት በቤተ ክርስቲያን ቅጽር ነው፤ ሲገቡ የቅጽሩን ሥርዓት ጠብቀው፣ አስፈቅደው፣ ቅጠል እንኳ ሳይቀጥፉ ይመልከቱ። ከባሕር ዛፍ ግንድና ከጽድ ግንድ እኩል ጊዜ ይስጡ፤ ያለዚያ ንጽጽሩ ፍርድ አይሆንም። እንጦጦ ብቻዎን አይሂዱ፤ ቢያንስ አንድ ሰው ይዘው በብርሃን ይመለሱ።

የመጨረሻውና ከባዱ ተቃውሞ «ይህ ሁሉ ምን ይረባል?» የሚለው ነው። ለዚህ በጎረቤት አገር የሆነውን ማየት ይበቃል። በምሥራቅ አፍሪካ፣ በቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር፣ ኤቫርቻ ኩሊሲቮራ የምትባል ዘላይ ሸረሪት አለች፤ ስሟን በ2003 እ.ኤ.አ. ያወጡላት ከላይ የጠቀስናቸው ቬሶሎቭስካ ከሮበርት ጃክሰን ጋር ሆነው ነው። ጃክሰንና ባልደረቦቹ በኬንያ ምቢታ ፖይንት ባሕርይዋን ሲከታተሉ፣ ደም የጠጣችን ሴት የወባ ትንኝ ከሌላው ምርኮ ለይታ እንደምትመርጥ አገኙ፤ ራሷ የሰው ቆዳ መብሳት ስለማትችል ደም የምታገኘው በትንኟ በኩል ነው። ስሟ ብቻ ተጽፎ ቢቀር ኖሮ ይህ አይታወቅም ነበር። ጥቅሙን ግን አላጋንነውም። አንዲት ሸረሪት ቤትን ከዝንብ አታጸዳም፣ አጎበርንም አትተካም። ዝንብ የሚበዛው ቆሻሻ ስላለ ነው፤ ቆሻሻው ካልተነሣ ሺህ ሸረሪት ቢኖርም ዝንቡ ይኖራል። ሆኖም በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣ ስሌት የዓለም ሸረሪቶች በዓመት ከ400 እስከ 800 ሚሊዮን ቶን የሚደርስ ምርኮ እንደሚበሉ ይገምታል። የግድግዳዋ ሸረሪት የዚህ ሥራ ተካፋይ ናት፣ ለዚያውም ያለ ክፍያ።

ስለዚህ በቤትዎ ጥቂት ልማድ ይለውጡ። ለበዓል ሲጸዳ የጣሪያ ጥግ ድር ቢጠረግ ለዘላይዋ ምንም አይደለም፤ ድሩ የእሷ አይደለም። ግድግዳ ኖራ ከመቀባቱ ወይም ስንጥቅ ከመለሰኑ በፊት ግን ስንጥቁ ውስጥ ነጭ የሐር ከረጢት ካለ ይዩ፤ ካለ፣ ያቺን አንድ ስንጥቅ ለጥቂት ሳምንታት ይተዉ። ዝንብ በዛ ተብሎ ቤቱን ሁሉ ፍሊት መንፋት ዝንቡንም የዝንቡን አዳኝም አብሮ ይገድላል፤ ዝንቡ ከውጭ በነጋታው ይመለሳል፣ ሸረሪቷ ግን ቶሎ አትተካም። የመስኮት ወንፊትና የተከደነ የቆሻሻ ዕቃ ከፍሊት ይሻላሉ።

ናሙና ሰብስቦ ማጥናት የሚፈልግ ተማሪ ከዩኒቨርሲቲው የሥነ ሕይወት መምህራኑ ጋር ተማክሮ ይሥራ። የአገሪቱን ሕያው ሀብት ወደ ውጭ መላክም ያለ ፈቃድ አይቻልም፤ ጉዳዩ በአዋጅ ቁጥር 482/1998 የሚገዛ ሲሆን ፈቃዱን የሚመለከተው የኢትዮጵያ ብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ነው። ለማየትና ለመመዝገብ ግን ፈቃድም ገንዘብም አያስፈልግም። በየካ ክፍለ ከተማ የምታስተምሩ የሳይንስ መምህራን፣ የትምህርት ቤታችሁ ምሥራቃዊ ግድግዳ ዘንድ ተማሪዎቻችሁን በ3 ሰዓት አውጡ፤ ለእያንዳንዱ አንድ ሜትር ግድግዳና አንድ ገጽ ደብተር ስጡ፣ በየሳምንቱም በዚያው ሰዓት ይመለሱበት። በዓመቱ መጨረሻ የሚሰበሰበው መዝገብ ስለ መገናኛ ዘላይ ሸረሪቶች ኑሮ በአገሬው ተማሪዎች የተጻፈ የመጀመሪያ እጅ ማስረጃ ይሆናል።